ናይሮቢ ድረስ ርካሽ፣ ከናይሮቢ በኋላ እሳት፦ የሳፋሪ ፓኬጅ ልትገዙ ላሰባችሁ በሙሉ

ሰዎች እባካችሁ፣ ወደ ኬንያም ሆነ ወደ ታንዛኒያ ሳፋሪ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። ከማሳይ ማራ (የኬንያው የዱር እንስሳት መጠበቂያ) ከተመለስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ንዴቱ እስካሁን አለቀቀኝም፣ ግን ምጽፈው ለንዴቴ ሳይሆን እኛን የሸወደን የሳፋሪ ማስታወቂያ አሁንም እየተለጠፈ፣ ሰውም እየከፈለ ስለሆነ ነው።

እኔ፣ እህቴና ባለቤቷ ሶስት ሆነን ነው የሄድነው። አንድ የጉዞ ወኪል (ጉዳዩ ገና ባንክ ጋ እየታየ ስለሆነ ስሙን አልጠራም) "የአምስት ቀን ሳፋሪ፣ ሁሉም የተካተተበት፣ ከነአውሮፕላኑ" ብሎ ከሌሎቹ አንድ ሶስተኛ ያህል ቀንሶ ሰጠን። ሌላ አራት ቦታ ጠይቀናል፣ የአራቱም ዋጋ ተቀራራቢ ነበር፣ እሱ ብቻ ነው ወርዶ የተገኘው። ለምን እሱ ብቻ ወረደ ብለን መጠየቅ ነበረብን፣ አልጠየቅንም፣ ደስ ብሎን ከፈልን።

መልሱን ያገኘነው ማራ ከገባን በኋላ ነው። የሎጁ ሰውዬ በትህትና "የመግቢያ ክፍያችሁን በካርድ ነው ወይስ በሞባይል ምትከፍሉት?" አለን። ተካቷል እኮ አልን። አልተካተተም። የማሳይ ማራ መግቢያን ሚተምነው የናሮክ ካውንቲ፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ ነው፣ ከ2024 ወዲህ ለውጭ አገር ሰው ከጃንዋሪ እስከ ጁን በቀን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በቀን 200 ዶላር ነው፣ ያውም ቲኬቱ ሚያገለግለው ከጠዋቱ አስራ ሁለት እስከ ማታ አስራ ሁለት ብቻ ነው። የኛ ጉዞ ጁላይ ነው። ሶስት ሰው፣ ሶስት ቀን፣ 200 ዶላር፣ አባዙት፦ 1800 ዶላር። ቁጭ ብለን ስናሰላው ወኪሉ "ቀነስኩላችሁ" ያለን ገንዘብና ይሄ 1800 ዶላር ልዩነቱ ትንሽ ነው። ማለት የቀነሰልን ነገር የለም፣ ትልቁን ወጪ ከደረሰኙ ላይ አውጥቶ ሜዳው ላይ እንድንከፍለው ነው ያደረገው፣ እዛ ደርሳችሁ ደሞ አልከፍልም ብላችሁ አትመለሱም።

ስለዚህ "ሁሉም የተካተተ" ሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የፓርክ መግቢያ፣ በስንት ሰው፣ ለስንት ቀን፣ በስንት ዶላር ተብሎ በጽሁፍ ይምጣላችሁ። ታንዛኒያም ያው ነው፣ ንጎሮንጎሮ ለምሳሌ ከሰው መግቢያ ሌላ መኪናው ወደ ክሬተሩ (እንስሳቱ ያሉበት ትልቅ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ) ሲወርድ ለብቻው ይከፈላል፣ ከነቫቱ 295 ዶላር ገደማ፣ እና ርካሽ ፓኬጆች ብዙ ጊዜ ሚዘሏት እሷን ነው።

አሁን ወደ በረራው ልመለስ፣ ምክንያቱም እውነተኛው ጣጣ የጀመረው እዛ ነው። ፕሮግራሙ ላይ "ናይሮቢ መድረሻ፣ ከናይሮቢ ወደ ማራ መነሻ" ይላል፣ በመሃል ሶስት ሰዓት አለ፣ ማንም ሰው ሲያየው በቂ ነው ይላል። ግን ሁለቱ "ናይሮቢ" አንድ ኤርፖርት አይደሉም! ከውጭ ሚመጣው በረራ ሚያርፈው ጆሞ ኬንያታ ነው፣ ወደ ማራ ሚሄዱት ትናንሽ አውሮፕላኖች ሚነሱት ግን በአብዛኛው ከዊልሰን ነው፣ እሱ ሌላ ሰፈር ነው፣ በመሃሉ የናይሮቢ ትራፊክ አለ። ኢሚግሬሽን ተሰለፉ፣ ሻንጣ ጠብቁ፣ ታክሲ ያዙ፣ እዛ ደሞ እንደገና ተመዘኑ። የኛ በረራ አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ፣ ዊልሰን ስንደርስ የማራው አውሮፕላን ሄዷል። ማታ ደሞ ሌላ በረራ የለም፣ ምክንያቱም ማራ ውስጥ ያሉት ማኮብኮቢያዎች መብራት የሌላቸው የአፈርና የጠጠር ሜዳዎች ናቸው፣ ሚታረፈው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ናይሮቢ አደርን፣ ሆቴል ከኪሳችን፣ አዲስ ቲኬት ከኪሳችን፣ የሎጁ የመጀመሪያ ሌሊት ተቃጠለ።

መጀመሪያ ያመጣን አየር መንገድ ጋ ሄደን ስንጠይቅ "እኛ ጋ ያለው ቲኬታችሁ ናይሮቢ ላይ ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ያለውን አናውቀውም" አሉን፣ እውነታቸውን ነው። ወኪሉ ሁለቱን ለየብቻ ነው የገዛው። በአንድ ቡኪንግ ውስጥ ያለ ቲኬት ሲሆን አንደኛው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ ሊወስዳችሁ ይገደዳል፣ በተለያየ ቡኪንግ ሲሆን ግን ጦሱ የናንተ ነው። ለየብቻ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ እኔም አትግዙ አልልም፣ ግን ከገዛችሁ ናይሮቢ አንድ ሌሊት እደሩና ጠዋት ተነሱ፣ የአንድ ሌሊት አልጋ ካመለጠ በረራ ይሻላል። ወይ ደሞ በመኪና ሂዱ፣ ከናይሮቢ ማራ አምስት ስድስት ሰዓት ነው፣ መንገዱ መጨረሻው ላይ ያንገጫግጫል ግን የሪፍት ሸለቆን ቁልቁል እያያችሁ ነው ምትሄዱት፣ ለኔ ከአውሮፕላኑ ባይበልጥ አያንስም።

ሻንጣው ሌላ ታሪክ ነው። ወኪሉ የላከልን ወረቀት ላይ "23 ኪሎ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ለትልቁ አውሮፕላን ልክ ነው። ወደ ማራ በምትሄደዋ ትንሿ አውሮፕላን ግን ሚፈቀደው የእጅ ቦርሳችሁን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው፣ ያውም ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም እቃው ሚገባው ከሆዷ ስር ባለች ጠባብ ቦታ ነው፣ ድርቅ ያለ ባለጎማ ሻንጣ አይታጠፍም፣ አይገባም። የእህቴ ባለቤት ሻንጣ ዊልሰን ቀረ፣ እሱ በአንድ ቦርሳ ሶስት ቀን አደረ።

ደሞ ያናደደኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሄው ወኪል "የሳፋሪ ሙሉ ልብስ" ብሎ ለየብቻ አስከፍሎ ሸጦልናል፣ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት፣ የወታደር መልክ ያለው ሱሪና ኮፍያ። ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም ጸጸ ዝንብ ይጠራል፣ ዝንቡ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ታንዛኒያ ያለው ታራንጊሬ ፓርክ፣ ያንን ለብሶ መቀመጥ ስቃይ ነው፣ ከልብስ ላይ ይነክሳል። የወታደር ዥጉርጉር ልብስ ደሞ እንደ ዚምባብዌና ዛምቢያ ባሉ አገሮች ሲቪል ሰው መልበሱ ክልክል ነው፣ ወደዛ ምትሄዱ ከሆነ ጭራሽ እንዳትይዙ። አትግዙ፣ ቤታችሁ ያለው የአፈር መልክ ያለው፣ ግራጫ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ልብስ ይበቃል፣ ሶስት ቅያሪ፣ ሎጆቹ ያጥባሉ። አንድ ወፍራም ሹራብ ግን የግድ ያዙ፣ አፍሪካ ሙቀት ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ማራ ከ1500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ንጎሮንጎሮ አፋፉ ላይ 2300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ክፍት መኪና ላይ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጥርስ ያንገጫግጫል። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ። ድሮን ቤት ይቅር፣ ያለ ፈቃድ ይወስዱባችኋል። ፌስታል ደሞ አታምጡ፣ ኬንያ ከኦገስት 2017፣ ታንዛኒያ ከጁን 2019 ጀምሮ ከልክለዋል።

ታንዛኒያ ለምትሄዱ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ርካሽ ቲኬት አገኘሁ ብላችሁ ዳሬሰላም እንዳትገዙ፣ የሰረንጌቲና የንጎሮንጎሮ ፓርኮች ጉዞ ሚጀምረው ከአሩሻ ነው፣ ቅርቡ ኤርፖርት ኪሊማንጃሮ ነው፣ ከዳሬሰላም አሩሻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። ሁለተኛ፣ የቢጫ ወባ ካርድ። በሽታው ካለባቸው አገሮች፣ ኬንያን ጨምሮ፣ ምትመጡ ከሆነ ይጠየቃል፣ ክትባቱ ደሞ ሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ ለመጨረሻ ሳምንት አታስቀምጡት። ቀድሞ የተከተበ ሰው ግን እንደገና ክፈል ቢባል አይስማ፣ ከ2016 ጀምሮ ካርዱ ለእድሜ ልክ ነው።

ደሞ "ጠዋት ማራ፣ ከሰዓት ሰረንጌቲ" ሚል ፓኬጅ ካያችሁ ሽሹ። ካርታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ እንስሳው በነጻ ይሻገራል፣ ቱሪስት ግን በዛ መሻገር አይፈቀድለትም፣ ዞሮ ኢሴባንያ በምትባለው የኬንያና የታንዛኒያ ድንበር ከተማ በኩል ነው ሚገባው፣ ድንበር ላይ መኪናም ይቀየራል፣ ቀኑ ያልቃል። በኤፕሪል "ትልቁን ፍልሰት (የእንስሳት መንጋው ሳር ፍለጋ ሚያደርገውን ጉዞ) ማራ ላይ እናሳያችኋለን" ሚሉም አሉ፣ በኤፕሪል መንጋው ታንዛኒያ ውስጥ ነው ያለው፣ ማራ ሚመጣው ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ነው።

ቪዛ "ማስጨረሻ" ተብሎ ከእህቴ 120 ዶላር ተወስዷል። ኬንያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቪዛ አስቀርታ ኢቲኤ (በኢንተርኔት ሚወጣ የመግቢያ ፈቃድ) ነው ምትጠይቀው፣ በራሱ በመንግስቱ ገጽ 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ ፎርሙን መሙላት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ብዙ የአፍሪካ ፓስፖርት ደሞ ጭራሽ አያስፈልገውም። መጀመሪያ የናንተን ፓስፖርት አይታችሁ ነው።

ኩባንያው በህግ ያለ መሆኑን ማጣራት ቀላል ነው። ኬንያ ውስጥ ካቶ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ታቶ ሚባሉ የአስጎብኚዎች ማህበሮች አሉ፣ የአባል ዝርዝራቸውን ማየት ይቻላል፣ አባል ነኝ ካለ ስሙን እዛ ፈልጉት። በሰው ስም በሃዋላ ላክልኝ ካለ አትላኩ፣ በካርድ ክፈሉ። እኛን እስካሁን ተስፋ ያስያዘን በካርድ መክፈላችን ነው፣ ባንኩ "ሁሉም የተካተተ" ሚለውን ስክሪንሾትና የማራውን ደረሰኝ ተቀብሎ እያየው ነው።

አሁን ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ደሞ፣ ዛሬውኑ የላኩላችሁን ባለ ስድስት ፊደል የበረራ ቡኪንግ ኮድ ወስዳችሁ በራሱ በአየር መንገዱ ገጽ ላይ አስገቡት። ኮዱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ቦታ ተይዞላችሁ ገንዘቡ ግን ያልተከፈለ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከቀናት በኋላ ራሱ ይሰረዛል። ባለ 13 አሃዝ የቲኬት ቁጥር ካለ ቲኬታችሁ ተቆርጧል። ከሌለ ወኪሉን ቁጥሩን በጽሁፍ ጠይቁት፣ እስከ ነገ ማታ ካላመጣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ባንካችሁ ጋ ሂዱ።