«ቀጣይ» አልሠራ ሲል፦ ስቶሪላይን፣ አይስፕሪንግ ወይስ ኤችፋይቭፒ?

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር በስልክና በኮምፒውተር ለሚሰጥ ትምህርት የኮርስ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ሊገዙ የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ ዋጋውን ይጠይቃሉ፤ ቀጥለው ምን ምን እንደሚሠራ። ከሁለቱም በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ መሥራት ሲያቆም ምክንያቱን ለማግኘት ስንት ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል? ከሳቢያን ወይም ከገንደ ቆሬ በስልኩ የሚማር ሠልጣኝ ደውሎ «አልሄድ አለኝ» ከማለት ያለፈ ሊነግራችሁ አይችልም። የቀረውን ፈልጎ የሚያገኘው ኮርሱን ያዘጋጀው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ሌላ ሥራም ያለበት መምህር ወይም የሰው ኃይል ባለሙያ ነው።

ከሦስቱ የኮርስ ማዘጋጃዎች፣ ከስቶሪላይን፣ ከአይስፕሪንግና ከኤችፋይቭፒ፣ የላቀ አቅም ያለው የአርቲኩሌት ኩባንያ ስቶሪላይን ነው፤ ብልሽቱን መፈለግም አድካሚ የሚሆነው በእሱ ላይ ነው። የስላይድ እንቅስቃሴ የሚወሰነው በአንድ ቦታ አይደለም። በፕሌየሩ (ኮርሱ በሚታይበት ማጫወቻ) ውስጥ ማውጫው ነጻ፣ የተገደበ ወይም የተቆለፈ ይደረጋል፤ በየስላይዱ ባሕርያት «ወደኋላ» እና «ቀጣይ» ይታዩ እንደሆነ ይመረጣል፤ ትሪገሮቹ ቁልፉ ሲነካ ምን እንደሚሆን ያዝዛሉ፤ ታይምላይኑ (የስላይዱ የጊዜ መስመር) ደግሞ መቼ እንደሚሆን ይወስናል። አራቱ እርስ በርስ ሲጋጩ ማስጠንቀቂያ አይወጣም፤ ቁልፉ ዝም ይላል።

አንድ የተለመደ ብልሽት እንመልከት። አዘጋጁ ሠልጣኙ ትረካውን ሳይሰማ እንዳያልፍ ብሎ «ቀጣይ» የሚከፈተው ታይምላይኑ ሲያልቅ እንዲሆን ያደርጋል። ድምፁ በ40ኛው ሰከንድ ያልቃል፤ አንዲት ቀስት ግን በታይምላይኑ ላይ እስከ 60ኛው ሰከንድ ተዘርግታ ቀርታለች። ሠልጣኙ ንግግሩ አልቆ ቁልፉ ደብዝዞ ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ይዘጋዋል። የቀስቷን መስመር አሳጥሮ የታይምላይኑን መጨረሻ ወደ ድምፁ መጨረሻ መሳብ ይበቃል፤ ችግሩ ያለው እዚያ መሆኑን እስኪያውቁ ድረስ ነው ጊዜ የሚፈጀው። ከዚህ የባሰው የሌየር (በስላይዱ ላይ የሚደረብ ገጽ) ጉዳይ ነው። አንድ ሌየር የዋናውን ስላይድ ታይምላይን እንዲያቆም ከታዘዘና የሚዘጋበት ቁልፍ ከሌለው «ቀጣይ» ፈጽሞ አይከፈትም።

ትሪገሮች ከላይ ወደ ታች በተራ ስለሚፈጸሙ «ወደ ሌላ ስላይድ ዝለል» የሚለው ትእዛዝ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ይሁን። የአንድ ምዕራፍ የመጨረሻ ስላይድም በራሱ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አይሻገርም፤ ማገናኘት ያስፈልጋል። አንድ ስላይድ ብቻ አስከፍታችሁ የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ባይሠራ አትደንግጡ፤ ዝላዩ የሚሞከረው ምዕራፉን ወይም ኮርሱን በሙሉ አስከፍቶ ነው።

አይስፕሪንግ ስዊት በፓወርፖይንት ላይ የሚጫን ስለሆነ ስላይድ ሲያዘጋጅ ለኖረ መምህር ባዕድ አይሆንበትም። እኔን የሚማርከኝ የስላይዶች ባሕርያት የሚታዩበት ሰንጠረዡ ነው፦ እያንዳንዱ ስላይድ በጠቅታ ይለፍ ወይስ በራሱ፣ ለስንት ጊዜ ይቆይ፣ ከእሱ በኋላ ወደየት ይሄድ፣ ሁሉም በአንድ መስኮት ይነበባል። የጠፋውን መስመር ዓይን ቶሎ ያገኘዋል። ስላይድ በራሱ እያለፈ ያስቸገራችሁ እንደሆነ መጀመሪያ የሚታየው ፓወርፖይንት ውስጥ የቀረ የሽግግር ሰዓት ነው። ውስብስብ መንገድ ያለው ኮርስ ግን እንደ ስቶሪላይን አይሠራበትም። ሁለቱም በዊንዶውስ ብቻ ይሠራሉ፤ ማክ የያዘ ሰው አዶቤ ካፕቲቬትን ይመልከት።

ኤችፋይቭፒ ነጻና ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ሙድል የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ከ3.8 እትም ጀምሮ በውስጡ አካቶታል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም ኮሌጃችሁ ሙድል ካለው ምናልባት ሳታውቁት በእጃችሁ ነው። በስላይድ አቀራረቡ («ኮርስ ፕረዘንቴሽን» በሚባለው የይዘት ዓይነት) ላይ የታችኛው መሄጃ ድንገት ጠፍቶ ከሆነ በባሕርይ ቅንብሮቹ ውስጥ «አክቲቭ ሰርፌስ» የሚለው ተመርጧል ማለት ነው። እሱ ሲመረጥ መሄጃው ሆን ተብሎ ይነሳል፤ አዘጋጁም በየስላይዱ የራሱን መዝለያ ቁልፍ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ወይ ምርጫውን አጥፉ፣ ወይ ቁልፎቹን አስቀምጡ፤ ከዚህ የራቀ ፍለጋ የለውም። ድክመቱ ሠልጣኙን አጥብቆ አለመያዙ ነው። በስላይድ አቀራረቡ ላይ ጥያቄ ሳይመልሱ ማለፍን መከልከል ለሚፈልግ ሰው አይመችም፤ «ኢንተራክቲቭ ቪዲዮ» በሚባለው ዓይነት ግን ሙሉ ነጥብ ሳያገኙ እንዳይቀጥሉ ማድረግ ይቻላል።

በሁለቱ የሚከፈልባቸው ላይ የሚደርስ አንድ ብልሽት የሶፍትዌሩ ብቻ አይደለም። መብራት ይጠፋል፤ ሠልጣኙ ተመልሶ ሲገባ ከመጀመሪያው ስላይድ ይነሳል። ረጅም ኮርስ በስኮርም (ኮርስን ከትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ጋር በሚያገናኘው ደረጃ) 1.2 እትም ከወጣ የሠልጣኙን ቦታ ለመያዝ የተመደበው 4,096 ፊደል ብቻ ስለሆነ ሊሞላ ይችላል። የምትጠቀሙበት ሥርዓት የሚቀበል ከሆነ በስኮርም 2004 አራተኛ እትም አውጡት፤ እዚያ 64,000 ነው።

የቋንቋውም ነገር በእኛ አካባቢ ቀላል አይደለም። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በሚነገርበት ከተማ «ቀጣይ» የሚለው ጽሑፍ መቀየር መቻል አለበት። ስቶሪላይንና አይስፕሪንግ የፕሌየሩን ጽሑፎች እንዳሻችሁ እንድትለውጡ ይፈቅዳሉ።

እንግዲህ ለድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና መጋዘን የደህንነት ሥልጠና የሚያዘጋጅ፣ ሠልጣኙ አንዲት ስላይድ እንኳ እንዳይዘል የሚፈልግና ለዚሁ ሥራ የተመደበ ባለሙያ ያለው ተቋም ስቶሪላይንን ይግዛ። ለሐረር የጤና ባለሙያዎች በፓወርፖይንት የተዘጋጀ ትምህርት ያለው አይስፕሪንግ ይበቃዋል። ሙድል ያለው መምህር አንድ ብር ሳያወጣ በኤችፋይቭፒ ይጀምር፤ የሁለቱ ክፍያ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚታደስ ነውና ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ስቶሪላይን የ30 ቀን፣ አይስፕሪንግ የ14 ቀን ነጻ መሞከሪያ አላቸው። በእነዚያ ቀናት ከራሳችሁ ትምህርት አሥር ስላይድ ያህል ሥሩና አንዱን «ቀጣይ» ሆን ብላችሁ አበላሹት። ከዚያ ኮርሱን ነገ ለሚረከበው ባልደረባ ስጡት፤ ያለ እናንተ እርዳታ ጥፋቱን ያገኘበትን ግዙ።