የዘይት ማኒፑሌተርና መምጠጫ ስሪንጅ ከስምንት ወር በኋላ፦ ሴልን ሳይገድሉ ናሙና መቅዳት

ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ላብራቶሪ ከመስከረም እስከ ግንቦት ከሕያው ሴል ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ለመቅዳት ሲሠራበት የቆየው ይህ መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው፦ የብርጭቆውን መርፌ በሦስት አቅጣጫ የሚያንቀሳቅስ የዘይት ማኒፑሌተር፣ እና በማዞሪያ የሚመጥ ስሪንጅ። እጅ የሚነካው ማዞሪያ ከመርፌው ጋር የሚገናኘው በዘይት ቱቦ ብቻ ስለሆነ ቡና የበዛበት እጅ እንኳ ጫፉን አያንቀጠቅጥም። በዚህ በኩል ለዋጋው ይመጥናል።

ጣጣው ሙቀት ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ክፍሉ ቀዝቅዞ ያድራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ጣሪያውን ስታግለው ቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ይለጠጥና ማንም ሳይነካው ጫፉ ይንሸራተታል። ሴል ውስጥ እያለ ከተንሸራተተ ሽፋኑን ይቀድዳል። ስለዚህ መጋረጃ ይዘጋ፣ የማይክሮስኮፑ መብራት ከአንድ ሰዓት በፊት ይብራ፣ ቱቦው በእጅ አይያዝ። ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም የተረጋጋ ነው። ለገልባጭ መኪኖች ንዝረት ደግሞ በስሱ የተነፋ የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ ላይ የተቀመጠ ወፍራም እብነ በረድ ጥሩ ያገለግላል።

መርፌው በሙቀት ተለስልሶ የሚጎተተው 1 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው የቦሮሲሊኬት (ሙቀት የሚችል ብርጭቆ) ካፒላሪ፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ፣ ነው። የጫፉ ቀዳዳ ከ1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ብዙ ካነሰ ወዲያው ይደፈናል፤ ከ2 ካለፈ ሴሉ አይተርፍም። አቧራው ስለማይቻል መርፌ በዕለቱ ተጎትቶ በክዳን ይቀመጥ። ስሪንጁ በማዕድን ዘይት ሲሞላ አረፋ አይቅር። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ 78 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ያው መጠን ያለው አረፋ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ30 በመቶ ገደማ ይለጠጣል፤ ማዞሪያው ቢቆምም ምጠቱ ይቀጥላል። ዘይቱ አስቀድሞ በቫኪዩም አየሩ ቢወጣለት ይገላግላል።

ሴል ከሞተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተኛበት ፈሳሽ ይሁን። የተበሳ ሽፋን እንዲገጥም ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ካልሲየም በሌለው ፒቢኤስ (ሴል የሚታጠብበት የጨው ውኃ) ውስጥ የተወጋ ሴል ይዘቱ ፈስሶ ያልቃል። 1.8 ሚሊሞላር ካልሲየም ያለው ተራ የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ ይበቃል። ከኢንኩቤተር (ሴል የሚያድግበት ሙቅ ሣጥን) ውጭ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት ልኩ፣ ከፍ እንዳይል ልኩን የሚያረጋጋ 20 ሚሊሞላር ሄፔስ ይጨመርበት።

የመጠን ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ፒኮሊትር 1,000 ኪዩብ ማይክሮሜትር ነው፤ የውስጡ ስፋት 2 ማይክሮሜትር በሆነ የመርፌው ቀጭን ክፍል 100 ማይክሮሜትር ከፍ ያለ ፈሳሽ 0.3 ፒኮሊትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ላይቭ ሴክ (ከሕያው ሴል በተቀዳ ናሙና የጂኖቹን ሥራ የሚያነብ ዘዴ) 1 ፒኮሊትር ገደማ ቀድቶ አብዛኞቹን ሴሎች በሕይወት አቆይቷል፤ ያ ግን ፍሉይድኤፍኤም በሚባል እጅግ ረቂቅ መሣሪያ ነው። በዚህኛው ከ0.5 አለማለፍ ይሻላል። የተቀዳው ለአየር ከተጋለጠ በሰከንዶች ይተናል፤ ስለዚህ ጫፉ ወዲያው በረዶ ላይ ባለ 1 ማይክሮሊትር የሴል ማፍረሻ ፈሳሽ ውስጥ ይሰበር። ሴሉ መትረፉ በደቂቃዎች አይታወቅም፤ ቁጥር ባለው ሳህን ላይ ምልክት ተደርጎበት በማግሥቱ ሕያው ሴልን በሚያበራው ካልሴይን ቀለም ይታይ።

በስድስተኛው ወር የስሪንጁ ኦሪንግ (ማተሚያ የጎማ ቀለበት) ማፍሰስ ጀመረ። ምትኩ ናይትራይል ጎማ ይሁን፤ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ በማዕድን ዘይት ያብጣል።

ለጀማሪ ቀይ ሽንኩርት ይሰጠው። የሽንኩርቱ ሴል በራሱ ግፊት ቀዩን ጭማቂ ወደ ጫፉ ስለሚገፋ፣ መርፌው መግባቱ በዓይን ይታያል።