ኤፕሰን ኢቢ-ደብሊው05 ፕሮጀክተር ለአኒሜሽን፦ በስንት ሪዞሉሽን ሬንደር ይደረግለት?

ድሬዳዋ ውስጥ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ማታ በግቢ ግድግዳ ላይ አኒሜሽን ለማሳየት ይህ ፕሮጀክተር ጥሩ ዕቃ ነው። 3,300 ሉመን (የብርሃን ጉልበት) አለው፤ 2 ሜትር ተኩል ስፋት ላለው ምስል ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ያለው ብዙ ሰው ፊልሙን ሬንደር የሚያደርግበት፣ ማለትም በኮምፒውተር ወደ ምስል የሚያወጣበት መጠን ላይ ነው።

ማሽኑ በኤችዲኤምአይ ገመድ ፉል ኤችዲ (1920 በ1080) ይቀበላል፤ የራሱ ፓነል፣ ማለትም ውስጡ ምስሉን የሚሠራው ክፍል ግን 1280 በ800 ፒክሰል ብቻ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ፊልም ሲገባ ራሱ አሳንሶ ያሳየዋል። በካሜራ ለተቀረጸ ቪዲዮ ይህ ብዙም አይታወቅም። አኒሜሽን ላይ ግን የገጸ ባህሪው ቀጭን መስመር አንዱ ጋ ወፍሮ፣ ሌላው ጋ ሳስቶ ይወጣል፤ ምስሉ ሲንቀሳቀስ ደግሞ መስመሩ ይርገበገባል።

ስለዚህ ብሌንደር በተባለው የአኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ኤክስ 1280፣ ዋይ 800፣ ፐርሰንቱን 100 አድርጉ። የመስመሩ ውፍረት ከ2 ፒክሰል አይነስ። ጊዜም ይተርፋል፦ 5 ደቂቃ ፊልም በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) 9,000 ፍሬም ነው፤ አንዱ ፍሬም በፉል ኤችዲ 1 ደቂቃ ቢፈጅ 150 ሰዓት ይሆናል፣ በዚህ መጠን ወደ 74 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይም የሚወጣ ከሆነ 1280 በ720 ይሻላል፤ ከላይና ከታች 40 ፒክሰል ጥቁር ይቀራል እንጂ መስመሩ አይነካም። የሚወጣው ፋይል የፒኤንጂ ምስሎች ይሁን። መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ፍሬም ይቀጥላል፤ በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 ከሆነ የተሠራው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። 30 ፍሬም የመረጥነው ላፕቶፑ በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚልክ ነው፤ 25 ሲሆን አንዱ ፍሬም 2 ጊዜ ሌላው 3 ጊዜ ይታይና ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ይንገጫገጫል።

ይህ ሁሉ ልፋት በኪስቶን ከንቱ ይሆናል። ኪስቶን ምስሉን ለማቃናት ፒክሰሎቹን እንደገና ያሰላቸዋል፣ መስመሩም ተመልሶ ይደበዝዛል። ማሽኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ከፊቱ ቀና ከማድረግ ይልቅ ጠረጴዛ ላይ ከግድግዳው ትይዩ አስተካክሉት። አውቶማቲክ ኪስቶኑን አጥፉ፤ ከማሽኑ ላይ ያለውን የኪስቶን ተንሸራታች መሃል ላይ አድርጉ፤ የምስሉን ዳር ቆርጦ የሚለጥጠው ኦቨርስካንም ይጥፋ፤ የላፕቶፑ ማሳያ 1280 በ800 ይሁን። ለማረጋገጥ የ1 ፒክሰል ጥቁርና ነጭ ቋሚ መስመሮች ያሉበት ምስል ክፈቱ። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከታየ ተስተካክሏል፤ ሰፋፊ ጥላ ካየላችሁ አንዱ ቦታ አሁንም ምስሉን እየለጠጠው ነው።

ሙቀት ዋናው ድክመቱ ነው። እስከ 35 ዲግሪ ነው የተሠራለት፤ የድሬ የግንቦትና የሰኔ ቀን ከዚያ ያልፋል። በዚያ ላይ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አቧራ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፣ የሙቀት መብራቱ ብልጭ ይልና ማሽኑ ይጠፋል። ከየዝግጅቱ በፊት ማጣሪያውን አጽዱ። ሐረር ስትወስዱት ደግሞ ከተማዋ ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ሜኑ ውስጥ ያለውን የከፍታ ቦታ ሁነታ አብሩ፤ ስሱ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም።

አከራዮች በዚህ ፈንታ ኢቢ-ኤክስ05 ሊሰጧችሁ ይችላሉ። የእሱ ፓነል 1024 በ768 ነው፤ ሰፊ ፊልም ላይ የሚሠራው 1024 በ576ቱ ብቻ ነው። ሞዴሉን ከማሽኑ ሥር ካለው ጽሑፍ ላይ አንብባችሁ ሬንደሩን ከዚያ በኋላ ጀምሩ።