የሰርግ ቪዲዮ ፓኬጅ፦ የእናት እንባ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ ቤቶች ለሰርግ የሚሸጡት ፓኬጅ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ብዙም አይለያይም። ሁለት ቪዲዮ ካሜራ፣ አንድ ወይም ሁለት ፎቶ አንሺ፣ ድሮን፣ አልበም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካንቫስ፣ ሙሉው ፊልም በፍላሽ፣ የጥቂት ደቂቃ ክሊፕ፤ ወደድ ባለው ላይ ክሬን (ካሜራን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ረጅም ክንድ) እና የመልሱ ቀረጻ ይጨመራል። የሥራው ጥራት የሚያስመሰግን ነው። ቀለሙም፣ የድሮኑ አያያዝም፣ ኤዲቲንጉም ሊመሰገን ይገባዋል። ሙሉ ነጥብ እንዳንሰጠው የሚይዘን ውሉ ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው።

ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች። አባት ይመርቃሉ፣ እናት እንባቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። ከቀኑ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ስለሆነ፣ ስቱዲዮው በቲክቶክና በዩቲዩብ ገበያ የሚጠራው በዚሁ ነው። ከቀን ሙሉ ቀረጻ 20 ሰከንድ ተቆርጦ፣ ሙዚቃ ተደርጎበት፣ ስልክ ቁጥር ተለጥፎበት ይወጣል። ቤተሰቡ ፊልሙን ሳይረከብ ክሊፑ ጎረቤት ስልክ ላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ሙሽሮቹ ከፍለዋል፤ ስቱዲዮው ከዚያው ቀረጻ ሁለተኛ ያተርፋል። እናት ግን አንድም ወረቀት ላይ አልፈረሙም።

ብዙ ባለሙያዎች «ሙሽሮቹ ፈቅደዋል» ይላሉ። ይህ መልስ አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሚጠይቀው ምስሉ ላይ ያለውን ሰው ፈቃድ ነው፤ ያለዚያ ፎቶው ለሕዝብ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ለሽያጭ ሊቀርብ አይችልም። ሙሽራዋ ስለ ራሷ እንጂ ስለ እናቷ መፈረም አትችልም። አንቀጽ 28 በአደባባይ የተደረገን ነገር ከዚህ ያወጣል፤ የቤተሰብ ሳሎን ግን አደባባይ አይደለም። ባለሙያው ልብ ሊለው የሚገባው አንቀጽ 29 ነው፦ ባለ ምስሉ ማሳየቱ ወይም ሽያጩ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም አሳዪው ከምስሉ ካገኘው ጥቅም ጋር የሚመጣጠን ካሳ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። በሌላ በኩል የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትዕዛዝ የተሠራን ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለአዘዘው ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ደንበኛው ውሉ ላይ «ስቱዲዮው ለማስታወቂያ ሊጠቀምበት ይችላል» የምትለዋን አንዲት መስመር ሳያነብ ሲፈርም፣ በእጁ የነበረውን ነው አሳልፎ የሚሰጠው። ይቺ መስመር ብዙ ጊዜ ከቀብዱ ደረሰኝ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ትገኛለች።

ቀረጻው ራሱም ላይ የምንወቅሰው አለ። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ኤልኢዲ መብራት ፊት ለፊት ሲበራ አዛውንቶች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ካሜራማኑ በሰፊ ሌንስ አንድ ክንድ እስኪቀር ይጠጋል፤ ጥሩ ካልወጣለት «አንዴ ድገሙት» ይላል። የተደገመ ምርቃት ምርቃት አይደለም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ አንድ ካሜራ ብቻ ይግባ፣ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር በሆነ፣ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ ሌንስ ከበሩ አጠገብ ይቁም፣ መብራቱ ወደ ኮርኒስ ተመልሶ እንዲወርድ ይደረግ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ሲቀረጽ ሻተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ከሆነ የቤቱ አምፖል አይርገበገብም፤ የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ ነውና።

ከምስሉ ይበልጥ የሚረሳው ድምፁ ነው። ሙሽራው ኮት ላይ የተሰካው ገመድ አልባ ማይክ ካልጠፋ፣ አባት በጆሮው የሚነግሩትን ምክር፣ አንዳንዴም የቤተሰብ ምስጢር፣ ይቀዳል። ኤዲተሩ ለሙዚቃ ማጀቢያ ብሎ ያንን ድምፅ ያወጣዋል። ማይኩ መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚጠፋ ለሚዜው አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ፓኬጁን መግዛት የሚፈልግ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይህን በውሉ ላይ ያስጽፍ፦ «ስቱዲዮው የትኛውንም ክፍል በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀው ደንበኛው ክሊፑን አይቶ በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላ ነው፤ የሚያለቅስ ሰው ወይም ሕፃን ያለበትን ክፍል የሚለቀው ግን የዚያ ሰው ወይም የወላጁ ፈቃድ ሲኖር ብቻ ነው፤ ጥሬው ቀረጻ ፊልሙ ከተረከበ ከ90 ቀን በኋላ ይጠፋል።» ስቱዲዮው ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ከጠየቀ፣ ማስታወቂያው ለእሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በራሱ አፍ ተናግሯል፤ በዚያ ልክ ቅናሽ መጠየቅ ተገቢ ነው። ክሊፑ ያለ ፈቃድ ከወጣም ዩቲዩብ የግላዊነት አቤቱታ ይቀበላል፤ አቤቱታውን ማቅረብ ያለበት በአብዛኛው ምስሉ ላይ ያለው ሰው ራሱ ሲሆን፣ ለለቀቀው ሰው እንዲያነሳ 48 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል።

ይኸው ስቱዲዮ የለቅሶና የቀብር ቀረጻም ይሠራል። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም ዓረብ አገር ሆኖ መምጣት ያልቻለ ልጅ እርሙን የሚያወጣበት ስለሆነ አገልግሎቱ ያስፈልጋል፤ እኛም እንደግፈዋለን። ግን በለቅሶ መሃል ፈቃድ ሲጠየቅ አስቦ የሚመልስ ልብ ያለው ሰው የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 30 የሟችን ክብር የሚነካ ምስል ሲወጣ ቤተሰቡ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ደረቷን እየደቃች የምታለቅሰው እህት ግን በሕይወት ያለች ስለሆነ መብቱ የራሷ ነው። ካሜራው አስከሬኑ ሲወጣ፣ ፍትሐቱና ንግግሩ ላይ ይቁም፤ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት እያጎሉ መቅረጽ ይቅር። ቀጥታ ስርጭት ከሆነ ሊንኩ የደረሰው ብቻ እንዲያየው ተደርጎ ይከፈት፤ ሊንኩ ራሱ እንደሚተላለፍ ግን አይዘንጋ፤ ቀብሩ እንዳለቀ ቪዲዮው የግል ይደረግና ፋይሉ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ቻናል ዩቲዩብ ላይ የቀጥታ ፈቃዱ እስኪበራለት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ ስቱዲዮው ዝግጁ ቻናል እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሌለው ግን ቤተሰቡ በቪዲዮ ጥሪ ቢያገናኝ ይሻላል።