ጠባሴ መንገድ ላይ ያለው ፎቶ ቤት (የድሮ ፎቶ ማሳደስ ለምትፈልጉ)

ደብረ ብርሃን ውስጥ የድሮ ፎቶ አጽድቶ አሳድጎ የሚያትም ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ ወደ ጠባሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ባለ አንድ በር ፎቶ ቤት ሂዱ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ የተወለድኩትም አብዛኛውን ዘመኔን ያስተማርኩትም መንዝ ነው፣ ቤቴ ካርቶን ሙሉ የክፍልና የመምህራን ፎቶ አለ፣ ግማሹ እርጥበት ገብቶት ግማሹ ከአልበሙ ላስቲክ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎ። ልጆቼ በስልክ እናንሳው ይላሉ፣ በስልክ ሲነሳ ግን ነጸብራቁና የእጅ ጥላው ነው የሚወጣው።

ከዚህ በፊት አዲስ አበባ ላለ አንድ ፎቶ ቤት ሁለት ፎቶ ተልኮልኝ ነበር። የመጣው ነገር ያበራል፣ ችግሩ ልጆቹ የኔ ተማሪዎች አይደሉም። አሁን በራሱ የሚያስተካክል አፕ መጥቶ የለ፣ እሱ ፊታቸውን አለስልሶ ቆዳቸውን አቅልቶ የተጣፈውን ኮት አዲስ አድርጎ ቁጭ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ልጅ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ ከብት ሲጠብቅ በወንጭፍ ተመቶ ነው፣ ጠባሳው የለም። የነዚያ ሁሉ ልጆች ባዶ እግር ደግሞ ጭጋግ የመሰለ ነገር ሆኗል። ገንዘብ ከፍዬ ተማሪዎቼን አጣኋቸው ማለት ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

የጠባሴው ልጅ ግን ገና ፎቶውን እንደያዘ «ቲቸር፣ ምኑን ላጥፋልዎት ምኑን ልተወው?» አለኝ። በዚች ጥያቄ ብቻ ወደድኩት። አጠገቡ አስቀምጦኝ ስክሪኑ ላይ አጉልቶ አጉልቶ እያሳየኝ ይሄ መስመር የፎቶው ጭረት ነው ወይስ የግድግዳው ስንጥቅ ይለኛል፣ የግድግዳው ነው ልጄ፣ ጭቃ ቤት ነበር፣ ተወው አልኩት። ጣሪያውን ሲያጎላው የጓሳው ሣር አንድ በአንድ ታየ። የመንዝ ሰው ያውቀዋል፣ ጓሳ የተባለውን የሣር ምድር አባቶቻችን በራሳቸው ሥርዓት ለዓመታት ከልለው ጊዜው ሲደርስ ብቻ ነበር የሚከፍቱት፣ ቤት ይከደንበታል ገመድ ይገመድበታል፣ ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፣ ዛሬ ደግሞ ቱሪስት ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት የሚመጣበት ቦታ ሆኗል። ያኔ ትምህርት ቤታችንን ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚከድነው ወላጅ ነበር፣ ሁሉም ሸክም ሣሩን ይዞ ይመጣል፣ ልጅ የሌለው ሰው ሳይቀር።

ከሁሉም ግሩም ሆኖ የወጣልኝ የመሠረተ ትምህርቱ ፎቶ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ነው የተጀመረው፣ እኔ የገጠሩ ዙር ላይ ነው የደረስኩት። ፎቶው ላይ በርኖስ የለበሱ አዛውንት ጠመኔ ይዘው ቆመዋል፣ ሰሌዳው ግድግዳ ተደግፏል፣ ጽሑፉ ግን ከጊዜ ብዛት ጠፍቶ ሙሉ ለሙሉ ግራጫ ነበር። ልጁ ብርሃኑን ሲቀንስ ሲጨምር ሲቀንስ ሲጨምር ቆይቶ ድንገት «ያልተማረ ይማር፣ የተማረ ያስተምር» የሚለው ብቅ አለ፣ የኔው የእጅ ጽሑፍ፣ ያችኑ ዘንበል ያለች «ማ»ዬን ሳያት እንባዬ መጣ። እኚያ አዛውንት ከዚያ በኋላ ገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ አሻራ አልሰጡም፣ ይፈርማሉ፣ የሚፈርሙት ደግሞ ቀስ ብለው ሰው ሁሉ እያያቸው ነበር። ደርግ የኔን ትውልድ ልጆች ፈጅቷል፣ እሱን የሚያስረሳኝ ምንም ነገር የለም፣ ዘመቻው ግን በ15 ቋንቋ የተካሄደ ሥራ ነበር፣ በ1972ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፣ ያየሁትን አየሁ ነው የምለው።

አንድ ሌላ ፎቶ አለ፣ የመምህራን፣ ቢሮ ውስጥ የተነሳነው። ከኋላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመሪው ምስል ፊቱ በምላጭ ተፍቋል፣ በ83 መንግሥት ሲለወጥ ፎቶውን ያስቀመጠው ባልደረባችን ፈርቶ ነው የፋቀው። ልጁ ይሄን ልሙላው ወይ አለኝ፣ አይሆንም አልኩት። የተፋቀው ራሱ ታሪክ ነው፣ የልጅ ልጆቼ ለምን ተፋቀ ብለው ይጠይቁኝ፣ እነግራቸዋለሁ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ጥያቄው ቤቴ ገብቼም አልለቀቀችኝም። ምኑን ላጥፋ ምኑን ልተው። ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር ይህንን የጠየቀኝ የትምህርት ባለሥልጣን አላስታውስም። ተማሪ እያለሁ የካቲት 66 አስተማሪዎቻችን ሥራ ያቆሙት ከደሞዙ ሌላ ያ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ለውጥ ጥናት እነሱ ሳያውቁት ተሠርቶ ስለመጣባቸው ነው። ከዚያ እኔ አስተማሪ ሆንኩ፣ በ86 አዲስ ፖሊሲ መጣ፣ 6ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚባለው ፈተና ቀረ፣ አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ሆነ፣ 10ኛ ላይ ፈተና ገባ፣ ታች ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምር ተባለ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያለው ልጅ ደግሞ አንብቦም ሳያነብም ይለፍ ተባለ፣ እኛ 4ኛ ክፍል ላይ ፊደል የማይለይ ልጅ ስንቀበል ለማን እንናገር። ሃይስኩል ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ፣ ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ይሄድ ነበር፣ ልጁ ጥያቄ ቢኖረው አይቆምለትም ነበር። ትምህርት ቤት በዛ፣ ሴት ልጆች መጡ፣ ይሄን አልክድም፣ በጓሳ ሣር ፋንታ ቆርቆሮ ገባ፣ ይሄም መልካም ነው። ግን የሚሠራውን ከማይሠራው ሳንለይ ሁሌም ግድግዳውን እንዳለ ነው የምንቀባው። ጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ ከ896 ሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፣ 3.3 በመቶ። ኩረጃውን ማስቀረቱ ትክክል ነበር፣ እደግፈዋለሁ፣ ነገር ግን ያ ቁጥር የ12ኛ ክፍል መምህር ብቻ አይደለም፣ የኛም የታች ክፍሎቹ ነው። አሁን ደግሞ በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ዓመታት ያለፉት ልጅ በየወረዳው አለ፣ እሱን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።

ወደ ፎቶ ቤቱ ልመለስ። ወረፋ ስጠብቅ አንዲት የአጣዬ ሴት መጣች፣ ከተማዋ በ2013 ሚያዝያ ስትቃጠል የቤቷ አልበም አብሮ ሄዷል፣ የቀራት የሟች እናቷ መታወቂያ ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ነበረች፣ ማኅተሙ ጉንጫቸው ላይ አርፎባታል። ልጁ ማኅተሙን ለማንሳት ብዙ ደከመ፣ ጉንጩን ሲያጠራው የሷን ጉንጭ ቀና እያለ ያያል፣ እናትሽን ትመስያለሽ አይደል ይላታል። ሲያልቅ የስካኑን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበላት። ለዚህ ነው በሙሉ ልብ የምመክረው።

ጉድለቱንም ልናገር። ቤቷ በጣም ጠባብ ናት፣ መቀመጫው አንድ ዱካ ነው፣ ለኔ ቢጤ ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ይከብዳል፣ በሩ ክፍት ስለሆነ የደብረ ብርሃን ብርድ ይገባል፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ሲሄድ ሥራው ይቆማል፣ ነገ ይደርሳል ያለው ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ስልክ ደግሞ ቶሎ አያነሳም፣ ይሄን ማስተካከል አለበት። ዋጋው እኔ ስሄድ ስካን አድርጎ እንዳለ ለማተም 80 ብር፣ አጽድቶ በትልቁ ለማተም 250 ብር ነበር፣ ለጡረተኛ ቀላል አይደለም፣ ግን በአንድ ፎቶ ላይ ሙሉ ከሰዓቱን ሲያጠፋ በዓይኔ ስላየሁ ቀንስልኝ ለማለት አፌ አልተከፈተም። የቡድን ፎቶ ከሆነ ፊት በዛ ብሎ ዋጋ ይጨምራል፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከአልበም ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካላችሁ ቤት አትላጡት፣ ከነላስቲኩ ውሰዱለት፣ እሱ በስሱ ክር ከሥር እየሰነጠቀ ያነሳዋል፣ እኔ አንድም አልተቀደደብኝም። ወረቀት ሲያስመርጣችሁ የማያብረቀርቀውን በሉት፣ ላሚኔት አታስደርጉ፣ እርጥበት ከገባው ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሰዋል። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ስካኑን ቅዱ፣ ለሱ አያስከፍልም። ከፎቶው ጀርባ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ይጽፍላችኋል፣ በቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ስለዚህ ስም የሚያስታውስ ሰው በሕይወት እያለ አብራችሁ ውሰዱት፣ እሁድ ዝግ ነው።