ሊቲየምን ከድንጋይ ማውጣት፦ በአሲድ ወይስ በኖራ?

ጎንደር ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር ተማሪዎች የሚያነሱት ጥያቄ አለ። የስልካችን ባትሪ ሊቲየም ከድንጋይ የሚወጣው እንዴት ነው? ዋናው ድንጋይ ስፖዱመን ይባላል፤ አገራችንም ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ላይ አለ።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የአሲዱ መንገድ ነው። ጥሬው ስፖዱመን ግትር ነው፤ አሲድ አይደፍረውም። 1,050 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲጋገር ግን ውስጡ ይለወጣል። 30 በመቶ ያህል ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በቀላሉ ይፈረፈራል። ከዚያ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር 250 ዲግሪ ላይ ይሞቅና በውኃ ይታጠባል። ውኃው ተጣርቶ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ሲጨመርበት ነጭ ሊቲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል።

ኖራ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙት በእሱ ነው። በኖራው መንገድ ማዕድኑ ከኖራ ድንጋይ ጋር ተፈጭቶ 1,000 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል። በውኃ ሲዘፈዘፍ በቀጥታ ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ይሰጣል። አሲድ የለም፣ ደስ ይላል። ግን የኖራ ድንጋዩ ከማዕድኑ ይበልጣል፤ ያ ሁሉ መጋል አለበት። ነዳጁ ኪስ ያራቁታል፣ ዝቃጩም ክምር ነው።

እኔ ብጠየቅ የአሲዱን እመርጣለሁ። ሆኖም የአሲድ ጭሱና ተረፈ ምርቱ ሶዲየም ሰልፌት ከብት ወደሚጠጣው ወንዝ እንዳይደርስ ከፋብሪካው በፊት መላ ይበጅለት።