የቤተሰባችንን የብረት መስቀሎች መርምረው እውነቱን ለነገሩን አዛውንት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው በሙኒክ ከተማ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ ወርቅ አንጥረኛን ለማመስገን ነው። እኚህ ሰው የቆዩ የጀርመን ወታደራዊ ሜዳሊያዎችንና ዓርማዎችን እየመረመሩ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በመለየት ብዙ ዘመን ያሳለፉ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጠቅሰውም፤ የሚፈልጋቸው ሰው በግል መልእክት ቢጽፍልኝ ግን እሳቸውን አስፈቅጄ አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

ባለቤቴ ጀርመናዊት ናት። ባለፈው ዓመት አማቴ የሟች እናታቸውን ቤት ሲያስለቅቁ በአንድ የሲጋር ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት የአንደኛው የዓለም ጦርነት የብረት መስቀሎች (የጀርመን ወታደሮች የሚሸለሙት ሜዳሊያ ነው)፣ አንድ የባቫሪያ (ሙኒክ ያለችበት የጀርመን ግዛት) ወታደራዊ የክብር መስቀል፣ አንድ የ1939 የብረት መስቀልና ሚሊቴርፓስ የሚባለውን የወታደር የአገልግሎት ደብተር አገኙ። አሮጌ ሳንቲም እንደምሰበስብ ስለሚያውቁ ቆርቆሮውን አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ። በቤተሰቡ ሲነገር የኖረው አያታቸው የአንደኛ ደረጃ የብረት መስቀል የተሸለሙ ጀግና እንደነበሩ ነው። እኔም ቸኩዬ በኢንተርኔት ለሚሠራ አንድ ነጋዴ ፎቶግራፋቸውን ላክሁ፤ ሰውየው ዕቃውን በእጁ እንኳ ሳይነካ 90 ዩሮ ተቀብሎ ሁሉም እውነተኛ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ላከልኝ። ጥርጣሬ ያደረብኝ ያን ወረቀት ካየሁ በኋላ ነው።

አዛውንቱ ባለሙያ መጀመሪያ ያረሙት የእኛን የቤት ውስጥ ስሕተት ነበር። ባለቤቴ ከአንደኛው መስቀል ጀርባ 1813 የሚል ቁጥር ስላየች ዕቃው የናፖሊዮን ዘመን ነው ብላ ታምን ነበር። ባለሙያው እንዳስረዱን የብረት መስቀልን የፕሩሲያው (የያኔው የጀርመኖች መንግሥት) ንጉሥ ፍሬድሪሽ ቪልሄልም ሦስተኛ በ1813 በብሬስላው ከተማ ስላቋቋሙት፣ ሽልማቱ በ1870 እና በ1914 ሲታደስም የመጀመሪያው ዓመት በሁለተኛ ደረጃው መስቀል ጀርባ ላይ ስለቀጠለ፣ ቁጥሩ የዕቃውን ዕድሜ አያመለክትም፤ የእኛው ከፊቱ የቪልሄልም ሁለተኛን የደብሊው ፊደል፣ ዘውድና 1914 የሚል ቁጥር የያዘ ነው።

ይህ የሁለተኛ ደረጃ መስቀል እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ጠርዙ ላይ በአጉሊ መነጽር ሲያሳዩኝ፣ ሁለቱ የብር ክፈፎች ጥቁር ቀለም የተቀባውን የብረት ልብ ከፊትና ከኋላ አቅፈው የተበየዱበት ቀጭን መስመር ይታያል፤ ከቀለሙም ሥር ያረጀ ዝገት አለ። ጥብጣቡ ግን በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ አበራ። እንዲህ የሚያበራው ኬሚካል በጨርቅ ላይ የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመሆኑ ጥብጣቡ ቆይቶ የተተካ ነው አሉ። ጥብጣብ ስለተቀየረ ብቻ መስቀሉን የሚጥል ሰብሳቢ ግን፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ቁልፉ ስለተቀየረ ኮቱን የሚጥል ሰው ነው።

ቤተሰቡ የሚኮራበት የአንደኛ ደረጃ መስቀል ሐሰተኛ ነበር። ማግኔት አልሳበውም፤ ባለሙያው ግን እዚያ ላይ አልቆሙም፤ ብረት ባልሆነ ማዕድን የተሠሩ እውነተኛ መስቀሎችም ስላሉ ማግኔት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም ብለው ወደ መነጽራቸው ተመለሱ። ዕቃው በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ስለሆነ ገጹ ላይ የአየር አረፋ የተወው ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶበታል። ክፈፉና ልቡ የተለያዩ ለማስመሰል በቀለም ብቻ የተለዩ ናቸው። ከጀርባው ያለው የብር መጠን ምልክት፣ 800 የሚለው ቁጥር፣ በመዶሻ እንደተመታ ማህተም ስለታም ጠርዝ የለውም፤ ከሌላ ዕቃ ላይ ተቀድቶ አብሮ የፈሰሰ ነው። በዚያ ጦርነት የሁለተኛ ደረጃው ለአምስት ሚሊዮን ያህል ሰው ስለታደለ ዋጋው መጠነኛ ሲሆን፣ የአንደኛ ደረጃው ግን እጅግ ላነሰ ሰው የተሰጠ በመሆኑ አስመሳዮች እሱ ላይ ይበረታሉ።

በጣም ያመሰገንኋቸው ከዚህ በኋላ ባደረጉት ነው። ዕቃው ሐሰተኛ ስለሆነ ሽልማቱ አልተሰጠም ማለት አይደለም፣ እውነተኛው ጠፍቶ ሌላ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል በማለት ሚሊቴርፓሱን ገጽ በገጽ አነበቡ፤ ለሙኒኩ የጦር ቤተ መዛግብት የሚላከውን ጥያቄም ከአማቴ ጋር ተቀምጠው ጻፉ። የፕሩሲያ ጦር መዝገቦች በኤፕሪል 1945 በፖትስዳም በደረሰው የቦምብ ድብደባ ወድመዋል፤ የባቫሪያ ወታደሮች የስም መዝገብ ግን ተርፏል፣ አያትየውም ባቫሪያዊ ነበሩ። የመጣው መልስ ከደብተሩ ጋር አንድ ሆነ፦ የሁለተኛ ደረጃ የብረት መስቀልና የባቫሪያው የክብር መስቀል ተመዝግበዋል፤ የአንደኛ ደረጃው የለም። አማቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "ታዲያ እኮ ሁለት አላቸው" አሉ።

የ1939ኙ መስቀል የናዚ ምልክት አለበት። እንደ አንድ አፍሪካዊ ያንን ምልክት በእጄ መያዝ ቀላል እንዳልነበረ አልደብቅም። ባለሙያው የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ ምልክቱን በአደባባይ ማሳየትን እንደሚከለክል፣ ለታሪክ ጥናትና ለትምህርት የተፈቀዱ ሁኔታዎች ቢኖሩም ፎቶውን በማኅበራዊ ገጽ መለጠፍ አደጋ እንዳለው በግልጽ ነግረውኛል። ስለዚህ እዚህ ፎቶ አላያያዝሁም።

ለዚህ ሁሉ የተቀበሉት 40 ዩሮ ብቻ ነው። ሐሰተኛውንም እውነተኛውንም ልግዛችሁ አላሉንም፤ የሚመረምሩትን ዕቃ ፈጽሞ አይገዙም። በጀርመን አገር ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ወይም ከቤት ማስለቀቅ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር እጃችሁ የገባ ወገኖቼ፣ ለማንም ወረቀት ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸውን እንድታማክሩ እጠቁማለሁ። በፖስታ የተላከ ዕቃ አይቀበሉም፤ ቀጠሮ አስይዞ ዕቃውን በአካል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። መስቀሉን በኮምጣጤም ሆነ በብር ማጽጃ ሳታሹት ከነዝገቱ ውሰዱላቸው፤ እኔ የባቫሪያውን አንድ ጎን አሽቼ ሄጄ በትሕትና የተቆጣኝ ሰው እሳቸው ናቸው።